በዓይን የተለካ መሪ

«አንድ ባለመኪና ነበረ» አሉ ጋሽ አንጋጋው።

ይህን ያሉት ልሳነወርቅ ለጠየቃቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ልሳነወርቅ የእናቱን አርባ ያወጣው ከትናንት ወዲያ ነበር። እናቱን ዕድሜዋን ሙሉ ከኖረችበት የመሬት ቤት አስለቅቆ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃው የማይጠፋ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ቤት ገዝቶ አስገብቷት ነበር። ጉልበቷ ደረጃውን አልቻለውም። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከቤት የወጣችው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ሰባተኛው በሬሳ ሳጥን ሆነ። በአርባው ቀን ታናሽ እህቱ ዘመድ በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ «እማዬን ፎቅ ላይ ቆልፈህ ገደልካት» ብላው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስልኩንም አላነሳችለትም።

ጋሽ አንጋጋው የእናቱ የድሮ ጎረቤት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልሳነወርቅ ከቤታቸው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ የሆዱን አጫወታቸው። በመጨረሻም እንዲህ ብሎ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከልጅነቴ ያውቁኛል። ክፉ አስቤ አይደለም። ይሻላታል ብዬ ነው። ክፉ ሳያስቡ የሠሩት ነገር እንዴት በደል ይሆናል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ የባለመኪናውን ነገር አነሱ። ታሪኩን የነገሩት እንዲህ ነው።

ባለመኪናው በአንድ ደጋ ከተማ የሚኖር፣ ሰው የሚያከብረው፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነበር። ሃያ አራት ሰው የምትጭን አሮጌ አውቶብስ ነበረችው። አውቶብሷ ጠዋት ጠዋት ከደጋው ከተማ ተነስታ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ትወርድና ቆላው ገበያ ትደርሳለች። ከሰዓት በኋላ ያንኑ መንገድ ዳገቱን ይዛ ትመለሳለች። ሰውየው ራሱ መንዳት አይችልም። ልማር ብሎም አስቦ አያውቅም። የሚነዳለት ሹፌር ነበረው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሮት የሠራ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው።

ባለመኪናው ይህን ሹፌር ይወደዋል። የሹፌሩን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ ስለዚህ አበልጆች ናቸው። ሹፌሩ ሲታመም መድኃኒት ገዝቶ የሚሄድ እሱ፣ ቤቱ ሲያፈስ ቆርቆሮ የሚያስጭን እሱ ነው። ደግነቱ የይምሰል አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ በኋላ እንዳትጠራጠረው ብዬ ነው።

የአውቶብሷ መሪ እንደ አውቶብሷ ያረጀ ነበር። ሰፊ፣ ቀጭን፣ ጥቁር መሪ ሲሆን ፀሐይ ሰነጣጥቆት በፕላስተርና በጨርቅ ተጠቅልሏል። አንድ ቀን መሃሉን ከጠርዙ ጋር ከሚያገናኙት ብረቶች አንዱ ተሰበረ። ሹፌሩ ወደ ባለመኪናው ቤት መጥቶ፣

«አበልጄ፣ የመሪው ነገር አበቃ። ሌላ ያስፈልገናል» አለው።

ባለመኪናው በዚያው ሳምንት ለጉዳይ ወደ ትልቁ ከተማ የሚሄድ ነበርና «እኔው መርጬ አመጣልሃለሁ» አለ።

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ወደ መኪናዋ ሄደ። ሲባጎ አውጥቶ በአሮጌው መሪ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወጠረው፤ ልኩ ላይ በጥርሱ በጠሰና አምጥቶ ለባለመኪናው ሰጠው።

«ልኩ ይኸውልዎት። ትንሽ ቢሰፋ ግድ የለም። እንዳይጠብ ብቻ አደራ» አለው። «ይቺ መኪና እንደ ዘመኑ መኪና ሃይድሮሊክ የላትም። ጎማዋን የሚያዞረው ክንዴ ነው። መሪው በጠበበ ቁጥር ክብደቱ እኔ ላይ ይመጣል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ባለመኪናው። ሲባጎውንም ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ትልቁ ከተማ ደርሶ ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሰፈር ሄደ። የገባበት ሱቅ ግድግዳው በሙሉ መሪ ተሰቅሎበት ነበር። ሻጩ የመኪናዋን ዓይነት ጠይቆት አንድ ሰፊ መሪ አወረደለት። ጥቁር ነው፤ ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። ከአሮጌው የሚለየው ባለመሰነጣጠቁ ብቻ ነው። ባለመኪናው ይዞት አገላበጠውና ቅር አለው። ይህን ያህል መንገድ መጥቶ ያንኑ መሪ ይዞ ሊመለስ ነው?

ያን ጊዜ ዓይኑ ከላይ በኩል ወደተሰቀለው ሌላ መሪ ሄደ። ትንሽ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ቆዳ የለበሰ፣ ዙሪያውን በቀይ ክር የተሰፋ፣ መሃሉ እንደ መስታወት የሚያበራ መሪ ነበር። አስወርዶ ያዘው። ቆዳው መዳፉን ሞላው። የሹፌሩ ሻካራ እጅ በዚህ ላይ ሲያርፍ ታየው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የተሰነጠቀ ነገር ይዞ የኖረ ሰው፣ ይህን ቢያገኝ እንዴት ደስ ይለው ይሆን ብሎ አሰበ። ተሳፋሪውም ሲገባ ያየዋል። መናኸሪያው በሙሉ ያወራለታል።

«እሱ ለቤት መኪና ነው» አለው ሻጩ። «ለእርስዎ ትልቁ ነው የሚሆነው።»

ባለመኪናው ሲባጎውን ከኪሱ አወጣ። በትንሹ መሪ ላይ ዘረጋው። ሲባጎው ከጠርዙ አልፎ ስንዝር ያህል ተንጠለጠለ። ሰውየው የተንጠለጠለውን ጫፍ ለአፍታ አየው። ከዚያ ሲባጎውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና፣

«ይለምደዋል። ይህንኑ ጠቅልልልኝ» አለ።

እስከ አገሩ ድረስ ጭኑ ላይ አቅፎት ሄደ። ከሌላ ዕቃ ጋር እንዲጫንበት እንኳ አልፈቀደም።

ሹፌሩ መሪውን ሲያይ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ባለመኪናው ደስታ ነው ብሎ ያዘው። ሹፌሩ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ስጦታ ነውና። አንድ መካኒክ መሃሉን የሚይዝ ብረት አስቀርጾ ገጠመው። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ወጥቶ አውቶብሷን በግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ አዞራት። ሲወርድ ግንባሩ አልቦት ነበር።

«አበልጄ፣ ከበደኝ» አለ። «ደግሞ ፊት ለፊት ያሉትን ቆጣሪዎች ጋረደብኝ። ሞተሩ ይሙቅ አይሙቅ ካላጎነበስኩ አላይም። የሰጠሁዎት ልክ ጠፍቶብዎት ነው?»

«አልጠፋብኝም። አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ ይከብዳል» አለ ባለመኪናው ትከሻውን ቸብ እያደረገው። «ትለምደዋለህ። ለአንተ ብዬ እኮ ነው የመረጥኩት።»

ይህን ካለው በኋላ ሹፌሩ ምን ይመልሳል? ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ተሳፋሪው እንደታሰበው አደነቀ። ጋቢና የሚቀመጡ ሰዎች እየዳሰሱት «ምን ያለ መሪ ነው!» ይሉ ነበር። ባለመኪናው መናኸሪያ በሄደ ቁጥር ይህን እየሰማ ደስ ይለዋል። ሹፌሩን ግን ሲያየው ከሲታ እየሆነ ነው። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ሹፌሩ አንድ እሑድ ወደ ቤቱ መጣ። ኮቱን ያጠለቀው በአንድ እጁ ብቻ ነበር፤ ቀኙ እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«ምነው?» አለው ባለመኪናው ደንግጦ።

«ቀኝ ትከሻዬ ነው። ወደ ላይ አልነሳ አለኝ። አበልጄ፣ ያንን አሮጌውን መሪ አስበይጄዋለሁ። መልኩ አያምርም እንጂ ይይዛል። ክረምቱ እስኪያልፍ እሱን ልመልሰው? በዝናብ ጊዜ ቁልቁለቱን በዚህ መውረድ ፈራሁ።»

ባለመኪናው በእውነት አዘነ። ያዘነው ግን ለትከሻው ብቻ አልነበረም።

«እኔ ከዚያ ድረስ አቅፌ ያመጣሁልህን ነቅለህ ያንን ቅራቅንቦ ልታስርበት? ሰውስ ምን ይለኛል? ችግሩ መሪው አይደለም፤ ትከሻህ ብርድ መትቶት ነው» አለ። እዚያው ተነስቶም የታወቀ ወጌሻ ዘንድ ይዞት ሄደ። ወጌሻው ሲያሸው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አበረታታው። ሹፌሩ ጥርሱን ሲነክስ የእሱም ፊት ይጨማደድ ነበር። ሲመለሱ የሚቀባ ቅባት ገዝቶ ሰጠው፤ ቤቱም ድረስ ሸኘው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሹፌሩ ስለ መሪው አላነሳም። ባለመኪናውም ትከሻው ድኖ ነው ብሎ ደስ አለው።

ሐምሌ ውስጥ ባለመኪናው ለሽምግልና ወደ ቆላው ተጠራ። ጠዋት በገዛ አውቶብሱ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተሳፈረ። መሪው ከተገጠመ ወዲህ በዚያ ቁልቁለት ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነው። ዝናቡ ይዘንባል፤ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። ባለመኪናው የሚያየው ነገር ያለ መስሎት ወደ ፊት ተመለከተ። ምንም የለም። ሹፌሩ የተነሳው መሪውን በደረቱ ሊገፋ ነው። ግራ ክንዱ ይስባል፣ ደረቱ ይገፋል። ቀኝ ክንዱ መሪው ላይ ቢሆንም የሚሠራው ሥራ የለም። ጠመዝማዛውን ሲጨርሱ ተመልሶ ይቀመጣል። ሁለተኛው ላይ እንደገና ይነሳል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር እንደ ገመድ ተወጥሯል።

ባለመኪናው ራሱን ጠየቀ። በየቀኑ እንዲህ ነው ማለት ነው? አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነው? የሆነ ነገር ሊናገር ፈለገ። ከኋላ ተሳፋሪ አለ፤ ደግሞ አሁን ቢናገር ሹፌሩን ያዘናጋዋል። ቆላ ስንደርስ እነግረዋለሁ አለ በልቡ። አሮጌውን መልስ እለዋለሁ። እንዲህ ብሎ ሲወስን ሆዱ ቀለል አለው።

አራተኛውን ጠመዝማዛ እንዳለፉ ከጉሙ ውስጥ የተናደ አፈርና ድንጋይ መንገዱን ዘግቶ ድንገት ፊታቸው ተደቀነ። በቀኝ ገደል ነው፤ በግራ፣ በሹፌሩ በኩል፣ ተራራው። ሹፌሩ ፍሬኑን እየረገጠ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። መሪው ግማሽ ዞሮ ቆመ። ጎማው ወደ ገደሉ እንደተንሸራተተ ነው። ያን ጊዜ ሹፌሩ በሁለት እጁ፣ በማይነሳውም ጭምር፣ መሪው ላይ ተንጠለጠለ። ባለመኪናው አንድ ነገር ሲሰበር ሰማ። ብረት መስሎት ነበር። ብረት አልነበረም።

አውቶብሷ ዞረች። በግራ ጎኗ ተራራውን መታችና ቆመች። አንድ ተሳፋሪ እጁ ተሰበረ፣ ሌሎቹ ተጫጫሩ እንጂ የሞተ የለም። ባለመኪናው ግንባሩ ላይ ትንሽ ተላጠ። ሹፌሩን ግን ከበሩና ከመሪው መሃል ያወጡት በዶማ ነው። የዚያ የሚያምር መሪ ብረት ቀኝ እጁ ውስጥ ከመዳፉ እስከ ክርኑ ገብቶ ነበር።

ሐኪሞቹ ክንዱን አልቆረጡትም። ከዚያ ወዲያ ግን ክንድ መሆኑ ቀርቶ ከትከሻው የሚንጠለጠል ነገር ሆነ። ሹፌርነቱ በዚያ ቀን አበቃ።

ባለመኪናው በየቀኑ ሆስፒታል እየሄደ ይጠይቀው ነበር። የሹፌሩን ቤት ቀለብ ችሎ፣ ለሐኪሙም የሚያስፈልገውን ሁሉ ችሎ ሰነበተ። አንድ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ በሆዱ ሲብላላ የቆየውን አወጣው።

«አበልጄ፣ እኔ ክፉ አስቤብህ እንዳልሆነ ታውቃለህ አይደል?» አለው። «ለአንተ ብዬ ነበር።»

ሹፌሩ ጣሪያውን እያየ መለሰለት።

«አውቃለሁ» አለ። «ክፉ ቢያስቡብኝማ ኖሮ የመጀመሪያው ሳምንት ቁልፉን አስረክቤዎት ሌላ መኪና እፈልግ ነበር። ሹፌር የትም ይፈለጋል። እርስዎ ግን ደግ ሰው ነዎት፤ ልጄን ክርስትና አንስተዋል። እንዴት ብዬ ልሂድ? ትከሻዬን የጨረሰው መሪው ነው። እዚያ መሪ ላይ ያስቀመጠኝ ግን ደግነትዎ ነው።»

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለመኪናው ይዞት የመጣውን ብርቱካን ራስጌው አስቀምጦ ወጣ።

አውቶብሷ ተጠገነች። መካኒኩ «መሪው ምን ያህል ይሁን?» ብሎ ሲጠይቀው ባለመኪናው «እንደ ዱሮው» አለ። ሰፊ፣ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው መሪ ተገጠመላት። አዲስ ሹፌር ተቀጠረ። የመጀመሪያ ቀን መሪውን በአንድ እጁ እያዞረ፣ በሌላው ለሰው ሰላምታ እየሰጠ ከመናኸሪያው ወጣ። የድሮው ሹፌር እዚያው መናኸሪያ በር ላይ በግራ እጁ ሎሚ እየሸጠ ነበር። አውቶብሷን አያት፤ ከዚያም ወደ ሎሚው ተመለሰ። ባለመኪናው እዚያ በር በኩል ማለፍ ተወ። በጓሮ ነው የሚገባው።

ጋሽ አንጋጋው እዚህ ላይ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ልሳነወርቅ ዞሩ።

«እንግዲህ የጠየቅከኝን ልመልስልህ» አሉት። «ያ ሰው ክፉ አላሰበም። አንተም አላሰብክም። እኔም በዚህ አልጠረጥርህም። ግን የመሪውን ልክ የሚያውቀው ክንዱ ነበር፣ ክንዱ ደግሞ ተናግሯል። የደረጃውን ልክ የሚያውቀው የእናትህ ጉልበት ነበር። እሷስ አልነገረችህም? ቤቱን ልታሳያት የወሰድካት ቀን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አላለችም?»

ልሳነወርቅ ቀና አለ። «ማን ነገረዎት?»

«እሷው ናት። ዕቃዋን ስትጭኑ መጥታ ተሰናበተችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ምን ብላህ ነበር? አንተው ንገረኝ።»

ልሳነወርቅ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «‹ልጄ፣ ጉልበቴ እስከዚህ ነው› አለችኝ። እኔ ደግሞ… ወለሉን ብታዪው፣ መስኮቱን ብታዪው እያልኩ በብብቷ ይዤ አወጣኋት።»

«አየህ። አንተ ወለሉን አየህላት፣ መስኮቱን አየህላት። ደረጃውን የሚወጣው ግን ዓይንህ አልነበረም። እዚያ ላይ ባዕድ ቢያወጣት ኖሮ ትጮህ ነበር፤ እኛም ጎረቤቶቿ እንጮህ ነበር። ያወጣት የምትወደው ልጇ ስለሆነ ዝም አለች፤ መረቀችህም። እኛም ‹ምን የመሰለ ልጅ ወልዳለች› ብለን አመሰገንንህ። ደግ አሳቢ መሆንህ አላዳናትም። ጭራሽ አፏን የዘጋው እሱ ነው። በደሉ ይኸው ነው፣ ልጄ። ክፋት የለበትም ስልህ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም።»

ልሳነወርቅ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እኚህ ሽማግሌ ያጽናኑኛል ብሎ ነበር የመጣው።

«እህቴን ምን ልበላት ታዲያ?»

«ክፉ አላሰብኩም አትበላት፤ እሱን ታውቃለች። ‹እማዬ ነግራኝ ነበር› በላት።»

«እንደዚያ ብላት ይቅር ትለኛለች?»

«እሱን አላውቅም» አሉ ጋሽ አንጋጋው። «ያ ሹፌር ይቅር ማለቱን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»